የከተማው ጭስ በቶን ሲቆጠር

ለዚህ ዕትም ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ የመጡት ከከተማ አስተዳደር ባለሙያዎችና ከፋብሪካ ሠራተኞች ነው። ሁሉም የሚያነሱት የአየር በካይ ልቀት ቆጠራን፣ ባለሙያዎች «ኢንቬንተሪ» የሚሉትን ነው። ይህም ማን፣ ምን ያህል፣ የት እና መቼ ወደ አየር እንደሚለቅ የሚያሳይ መዝገብ ነው። ጥያቄዎቹን አሳጥረናቸዋል። በስሌቶቹ ውስጥ «ለምሳሌ» ያልናቸውን ቁጥሮች ግን ወደ ሰንጠረዥዎ አይገልብጧቸው።

ጥያቄ፦ በከተማችን የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት እሠራለሁ። የልቀት ቆጠራ እንድናዘጋጅ ታዘናል። ያለነው ሁለት ሰዎች ነን፣ ኮምፒውተሩም አንድ ነው። ከየት እንጀምር? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ኮምፒውተሩን ከመክፈትዎ በፊት ሦስት ነገሮችን በወረቀት ላይ ይወስኑ።

የመጀመሪያው ወሰን ነው። የሚቆጠረው የከተማው ክልል ብቻ ነው ወይስ በዙሪያው ያሉት የገጠር ቀበሌዎችም ይገባሉ? ይህ ካልተወሰነ ከሰሉ ላይ መጨቃጨቅዎ አይቀርም። የሚከስለው ሌላ ወረዳ፣ የሚነደው እናንተ ዘንድ ነውና። በባህላዊ መንገድ አንድ ኪሎ ከሰል ለማክሰል ከ5 ኪሎ በላይ እንጨት ይፈጃል፤ ስለዚህ የማክሰያው ጭስ ቀላል አይደለም። የተለመደው ደንብ ልቀቱ ጭሱ በወጣበት ቦታ ይመዝገብ የሚል ነው። እናንተ የምትቆጥሩት ምድጃው ላይ የነደደውን ብቻ ይሆናል ማለት ነው።

ሁለተኛው የመነሻ ዓመት ነው። ብዙ የአገራችን ቆጠራዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። የነዳጅ ሽያጭና የፋብሪካ ምርት የሚመዘገበው ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ባለው በጀት ዓመት ሲሆን የሳተላይትና የአየር ሁኔታ መረጃ የሚመጣው በፈረንጆቹ ዓመት ነው። ከዚህ ሌላ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን የሚቆጥር መሥሪያ ቤትም ይኖራል። ሦስቱን ሳያስታርቁ መደመር የሁለት ዓመት ቁጥር እንደ አንድ ዓመት መያዝ ነው። እኛ የምንመክረው በጀት ዓመቱን ነው፤ ትልልቆቹ ቁጥሮች የሚመጡት በእርሱ ነውና። በሰንጠረዡ ራስ ላይ ግን «2016 በጀት ዓመት» ብቻ ብለው አይተውት። ከጁላይ 8 ቀን 2023 እስከ ጁላይ 7 ቀን 2024 ብለው ይጨምሩበት።

ሦስተኛው የበካዮቹ ዝርዝር ነው። ደቃቅ ብናኝ (ፒ.ኤም. 2.5 እና ፒ.ኤም. 10፤ ቁጥሩ የብናኙ ትልቁ ስፋት በማይክሮን፣ ማለትም በሚሊሜትር ሺህኛ ነው)፣ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ፣ ናይትሮጅን ኦክሳይዶች፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ እና በቀላሉ የሚተኑ ኦርጋኒክ ውህዶች ለመጀመሪያ ቆጠራ ይበቃሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሒሳብ የአራተኛ ክፍል ማባዛት ነው። የሥራውን መጠን (የነደደ ሊትር፣ የተመረተ ቶን፣ የተነዳ ኪሎሜትር) በልቀት ማባዣው ያባዛሉ፤ ማጣሪያ ካለም የሚያስቀረውን ድርሻ ይቀንሳሉ። ማባዣ ማለት በአንድ ኪሎ እንጨት ወይም በአንድ ሊትር ናፍጣ ስንት ግራም ብናኝ ይወጣል የሚለው ቁጥር ነው። ከአውሮፓው የኢመፕ መመሪያ ወይም ኤ.ፒ. 42 ከሚባለው የአሜሪካ ጥንቅር ያገኙታል። ጊዜ የሚፈጀው ማባዣውን ማግኘት አይደለም። የሥራውን መጠን ለማወቅ ከነዳጅ ማደያ፣ ከገቢዎች፣ ከንግድ ቢሮና ከቀበሌ ደጅ መጥናት ነው።

ሁለት ሰው ብቻ ስለሆናችሁ ሁሉንም ምንጭ በእኩል ጥልቀት ለማጥናት አትሞክሩ። መጀመሪያ ሁሉንም በጥቅል ማባዣ በግርድፉ አስሉና ከትልቁ ወደ ትንሹ ደርድሩ። ከላይ ጀምራችሁ ድምሩ 80 በመቶ እስኪደርስ ያሉትን ምንጮች ምረጡና የቀረውን ጊዜያችሁን በእነርሱ ላይ ብቻ አውሉ። በዳቦ ቤት ምድጃ ዓይነት ላይ አንድ ወር ማጥፋትና የቤት ለቤት ማገዶን በግምት ማለፍ አይመጣጠንም።

በሰንጠረዡ ላይ እያንዳንዱ መስመር የሥራውን መጠን፣ መስፈሪያውን፣ ቁጥሩን የሰጠውን ሰው ወይም ሰነድ፣ ቀኑን፣ ማባዣውንና ማባዣው የተወሰደበትን ገጽ ይያዝ። ባዶ ሳጥን አይተዉ። ምንጩ በከተማው ከሌለ «የለም»፣ ኖሮ ካላሰሉት «አልተገመተም»፣ ከሌላ መስመር ጋር ተደምሮ ከሆነ «ሌላ ቦታ ተካቷል» ብለው ይጻፉ። ዜሮ የሚጻፈው በእርግጥ ዜሮ ሲሆን ብቻ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ መዝገቡን የሚረከበው ሰው «አልተገመተም» የሚለውን ዜሮ ነው ብሎ ካነበበው፣ ልቀቱ በድንገት ጨመረ የሚል ሪፖርት ይጽፋል።

ጥያቄ፦ ስንት ቤት በእንጨትና በከሰል እንደሚያበስል አውቀናል። በቀን ስንት ኪሎ ታነዳላችሁ ስንላቸው ግን አንዷ «አንድ እስር»፣ ሌላዋ «ግማሽ ማዳበሪያ» ይሉናል። ምን እናድርግ? (ከደሴ)

መልስ፦ መጠየቁን ይተዉና ይመዝኑ። የሚያስፈልግዎት እስከ 50 ኪሎ የሚመዝን ተንጠልጣይ ሚዛንና ፈቃደኛ ቤተሰቦች ናቸው። ጠዋት ላይ ከሚበቃ በላይ እንጨት መዝነው ያስቀምጡላቸው፤ ከዚያ ክምር ብቻ እንዲያነዱም ይስማሙ። በማግስቱ በዚያው ሰዓት የተረፈውን መዝነው ይቀንሱ። ከሦስት ቀን አይነስ፤ ከቀኖቹ አንዱ ደግሞ እንጀራ የሚጋገርበት ይሁን። በብዙ ቤት የሳምንቱ ማገዶ ትልቁን ድርሻ የሚበላው ምጣዱ ስለሆነ እርሱ የቀረበት ልኬት ቁጥሩን ያሳንሳል። የዓውደ ዓመት ሰሞን ደግሞ ያገንነዋል። የከሰሉን ማዳበሪያም ከየገበያው ቢያንስ አሥር አሥር ይመዝኑና አማካዩን ይያዙ፤ አሞላሉ ከሻጭ ሻጭ ይለያያል።

ለምሳሌ 20,000 ቤተሰብ ያላት ከተማ ብንወስድ፣ 60 በመቶው በቀን 5 ኪሎ እንጨት ቢያነድ በዓመት 21,900 ቶን ይሆናል። በኪሎ 6 ግራም ፒ.ኤም. 2.5 ይወጣል ብንል ወደ 131 ቶን ብናኝ ይመጣል። እዚህ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ማባዣው የተጻፈው ለደረቅ እንጨት ከሆነ፣ እርስዎ የመዘኑት ደግሞ ውኃውንም ጨምሮ ነው። ከክብደቱ ሩቡ ውኃ ከሆነ የሚባዛው 16,425 ቶን ነው፤ ውጤቱም ወደ 99 ቶን ይወርዳል። ከመጀመሪያው 131 ቶን ሩቡ በወረቀት ላይ ብቻ ተፈጥሮ ነበር ማለት ነው።

እርጥበቱን በእጅ መለኪያ ሲያነቡም ይጠንቀቁ። አብዛኞቹ የእንጨት እርጥበት መለኪያዎች የሚያሳዩት ውኃው ከደረቁ እንጨት አንጻር ስንት እንደሆነ ነው። መሣሪያው 33 ካለ፣ ከጠቅላላ ክብደቱ ውኃው 25 በመቶ ነው። መለኪያ ከሌለዎት ከእንጨቱ ቆርጠው ይመዝኑ፣ በ105 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ያድርቁ፣ ከዚያ እንደገና ይመዝኑት።

አንድ ነገር እንጨምር። የቆጠራ መጠይቆች የሚጠይቁት «ዋና ማገዶ» ምንድን ነው ብለው ነው። ወጡን በከሰል፣ ቡናውን በከሰል፣ እንጀራውን በኤሌክትሪክ ምጣድ፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ በእንጨት የሚሠራ ቤት «ኤሌክትሪክ» ተብሎ ይመዘገባል። ያ ቤት በመዝገብዎ ላይ ጭስ የለውም፤ በጓሮው በኩል ያለፈ ሰው ግን ያውቀዋል።

ጥያቄ፦ የአየር ጥራት መለኪያ መሣሪያ ከተተከለ ቆጠራው ለምን ያስፈልጋል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ መሣሪያው የሚነግርዎት በቆመበት ቦታ አየሩ ምን ያህል እንደቆሸሸ ነው፤ ያቆሸሸው ማን እንደሆነ አይናገርም። ቆጠራው ደግሞ ማን ምን ያህል እንደለቀቀ እንጂ ሰው ምን ያህል እንደተነፈሰ አይነግርዎትም። ከ60 ሜትር ጭስ ማውጫ የወጣ አንድ ቶን እና በጭስ ቤት ውስጥ የወጣ አንድ ቶን በመዝገቡ ላይ እኩል ናቸው፤ በሳንባ ላይ አይደሉም። በዚህ ላይ ከደቃቁ ብናኝ የተወሰነው ከጭስ ማውጫ በቀጥታ የወጣ አይደለም፤ ከሰልፈርና ከናይትሮጅን ጋዞች አየር ላይ የሚፈጠር ነው። ስለዚህ የቶኑ ድርሻና በመሣሪያው የሚነበበው ድርሻ ባይገጥሙ አይደንግጡ።

ጥያቄ፦ የተመዘገቡትን ተሽከርካሪዎች ቁጥር በአማካይ ኪሎሜትር አባዝቼ ልቀቱን አሰላሁ። ከነዳጅ ሽያጩ ጋር ግን ጨርሶ አልገጥም አለኝ። የቱን ልያዝ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ነዳጁን ይያዙና ኪሎሜትሩን በእርሱ ልክ ያስተካክሉ። ለምሳሌ 5,000 ሚኒባሶች በቀን 180 ኪሎሜትር፣ በዓመት 300 ቀን፣ በ100 ኪሎሜትር 11 ሊትር ይሄዳሉ ቢሉ 29.7 ሚሊዮን ሊትር ይመጣል። የሽያጩ መዝገብ ለእነርሱ ሊደርስ የሚችለው 22 ሚሊዮን ነው ካለ ከግምቶችዎ አንዱ ሩብ ያህል ተጋንኗል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው የመኪናው ቁጥር ነው። ጋራዥ ውስጥ አራት ድንጋይ ላይ የቆመ መኪና ከመዝገብ አይፋቅም። በየዓመቱ ቦሎ ያደሰውን ብቻ ቢቆጥሩ የሚንቀሳቀሰውን ያገኛሉ። በተቃራኒው የክልል ታርጋ ለጥፎ ሙሉ ዓመት ከተማዋ ውስጥ የሚሠራ አለ፤ እርሱን የሚያገኙት መንገድ ዳር ቆሞ ታርጋ በመቁጠር ነው።

ኪሎሜትሩንም ሹፌሩን በግምት አይጠይቁት። ቆጣሪው የሚሠራ ከሆነ በቦሎ ምርመራ ላይ የተነበበውን ከአምናው ይቀንሱ። ካልሠራ፣ በአሮጌ ሚኒባስ ላይ ይህ የተለመደ ነው፣ «በቀን ስንት ቢያጆ ትመታለህ?» ብለው ይጠይቁና በመስመሩ ርዝመት ያባዙት። ቢያጆውን ሹፌሩ አይረሳም፤ ገንዘቡ ነው።

ማባዣ ሲመርጡ «ዩሮ 4» (የአውሮፓ የልቀት ደረጃ) ተብሎ የገባ መኪና ካታሊቲኩ (ጭስ ማጽጃው) ተነቅሎ ከተሸጠ ዩሮ 4 አይደለም። ያንን ድርሻ በናሙና ፍተሻ ያረጋግጡ። አዲስ አበባ በ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ በመሆኗ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ለዚህ ያልተስተካከለ አሮጌ የናፍጣ ሞተር ኦክስጅን እያነሰው ከአውሮፓው ሰንጠረዥ በላይ ያጨሳል።

ለሰልፈር ግን ማባዣም አያስፈልግም፤ ነዳጁ ውስጥ ያለው ሰልፈር በሙሉ ማለት ይቻላል ይወጣል፣ ክብደቱም ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ሲሆን በእጥፍ ያድጋል። አንድ ሚሊዮን ሊትር ናፍጣ 840 ቶን ገደማ ነው። በሚሊዮን 500 ክፍል ሰልፈር ካለው 0.84 ቶን ሰልፈር ዳይኦክሳይድ፣ 10 ክፍል ብቻ ካለው ደግሞ 17 ኪሎ ያህል ይወጣል። የናፍጣውን የላቦራቶሪ ወረቀት ከአስመጪው መጠየቅ ከማንኛውም ሶፍትዌር ይበልጥ ይጠቅምዎታል።

ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከተከለከለበት ከ2016 ወዲህ ስለሚበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖችም ጠይቀውናል። የጭስ ማውጫውን መስመር ዜሮ ያድርጉላቸው፤ የፍሬን፣ የጎማና የመንገድ አቧራውን መስመር ግን አይንኩት።

ጥያቄ፦ የሆቴላችን ጄኔሬተር ይቆጠራል? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ አዎ። በጄኔሬተሩ ሰሌዳ ላይ ያለውን የሰዓት ቆጣሪ በዓመቱ መጀመሪያና መጨረሻ ያንብቡ፤ የናፍጣ ደረሰኞችንም ይሰብስቡ። በኤ.ፒ. 42 መሠረት እስከ 600 የፈረስ ጉልበት ያለው የናፍጣ ሞተር በሊትር ወደ 72 ግራም ናይትሮጅን ኦክሳይዶችና ወደ 5 ግራም ብናኝ ይለቃል። በዓመት 6,000 ሊትር ካቃጠለ 430 ኪሎ እና 30 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። ያ ናፍጣ ከማደያ የተገዛ ስለሆነ ከተሽከርካሪዎቹ ነዳጅ ላይ መቀነስ እንዳለበት ለከተማው ባለሙያ ይንገሩት። ያለዚያ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል።

ጥያቄ፦ የሲሚንቶ ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሠራው። ልቀታችንን በኤ.ፒ. 42 ማባዣ አስልተን ብናቀርብ ተቆጣጣሪው ሊከራከረን ይችላል? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ይችላል፤ መከራከርም አለበት። ጥንቅሩ በ1968 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጣ ጀምሮ የታሰበው ለብዙ ምንጮች አማካይ ሆኖ እንዲያገለግል ነው። አማካይ ማለት ደግሞ ገሚሱ ፋብሪካ ከዚያ በላይ ይለቃል ማለት ነው። እያንዳንዱ ማባዣ ከኤ እስከ ኢ ደረጃ አለው፤ ኤ በብዙ ልኬት የተደገፈ፣ ኢ በጣት በሚቆጠር ናሙና ላይ የቆመ ነው። ቁጥሩን ሲወስዱ ፊደሉንም ይዘው ይሂዱ። የእምነት ቅደም ተከተሉም የታወቀ ነው፦ በጭስ ማውጫው ላይ ያለማቋረጥ የሚለካ መሣሪያ፣ ከዚያ በጊዜው የተደረገ ልኬት፣ ከዚያ የገባና የወጣን ቁስ ማመዛዘን፣ ከዚያ ማባዣ፣ በመጨረሻ የባለሙያ ግምት።

ሦስት ስህተቶች ደጋግመው ይታያሉ። ማባዣዎቹ ብዙ ጊዜ የሚጻፉት በፓውንድ ለአሜሪካ ቶን ነው፤ ወደ ኪሎ ለሜትሪክ ቶን ሲመጡ በግማሽ ይቀንሳሉ። ይህን የዘነጋ ሪፖርት ልቀቱን በእጥፍ ያስነብባል። ሁለተኛው፣ ማባዣው «ማጣሪያ ላለው» ተብሎ የተጻፈ ሆኖ ሳለ የማጣሪያውን ድርሻ እንደገና መቀነስ ነው። እዚህ ላይ መቶ እጥፍ ሊሳሳቱ ይችላሉ።

ሦስተኛው ከሁለቱም የሚከፋው ነው፤ ማንም ሒሳቡን ስላልሳተ አይታይም። ማጣሪያው 99 በመቶ ያስቀራል ተብሎ ዓመቱን ሙሉ በዚያ ይሰላል። መብራት ሲቋረጥ፣ እቶኑ ሲነሳ ወይም የማጣሪያው ጨርቅ ሲቀደድ ግን ጭሱ ሳይጣራ ይወጣል። ይህ ከሥራ ሰዓቱ 3 በመቶ ብቻ ቢሆን፣ የሚያመልጠው ብናኝ 1 በመቶ መሆኑ ይቀርና 3.97 በመቶ ይሆናል፤ ወደ አራት እጥፍ ማለት ነው። ስለዚህ የፈረቃ መሪውን የብልሽት መዝገብ ከስሌቱ ጋር አያይዘው ያቅርቡ። ተቆጣጣሪ ብንሆን መጀመሪያ የምንጠይቀው እርሱን ነው።

ጥያቄ፦ ከጠጠር ማምረቻችን የሚወጡት ሲኖትራኮች በፒስታ መንገድ ላይ የሚያስነሱት አቧራ እንዴት ይሰላል? ውኃ እንረጫለን። (ከቢሾፍቱ)

መልስ፦ ለዚህ በብዛት የሚሠራበት የኤ.ፒ. 42 ቀመር ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ በመንገዱ ወለል ላይ ያለው ደቃቅ አፈር በመቶኛ እና የተሽከርካሪዎቹ አማካይ ክብደት። አፈሩን መንገዱን ከዳር እስከ ዳር በ30 ሴንቲሜትር ወርድ በመጥረጊያ ጠርገው ያንሱና ወደ አፈር ምርመራ ላቦራቶሪ ይውሰዱት። በ75 ማይክሮን ወንፊት ያለፈው ድርሻ ነው የሚፈለገው። ዶማ አይጠቀሙ፤ የሚነሳው አቧራ ላይኛው ልቅ አፈር ነው።

በመቶኛው 8፣ አማካይ ክብደቱ 20 ቢሆን፣ 8ን ለ12 አካፍለው ወደ 0.9 ርቢ (ፓወር) ያሳድጉ፣ 20ን ለ3 አካፍለው ወደ 0.45 ርቢ ያሳድጉ፣ ሁለቱን አባዝተው በ1.5 ያባዙ። የሚወጣው 2.45 በፓውንድ ለማይል ነው፤ በ281.9 ሲባዛ በኪሎሜትር 690 ግራም ገደማ ፒ.ኤም. 10 ይሆናል። ክብደቱ በአሜሪካ ቶን ነው፤ አንዱ 907 ኪሎ። አማካይ የተባለውም ሙሉ ሄዶ ባዶ የሚመለሰውንና በመንገዱ የሚያልፉትን ሁሉ ያጠቃልላል። ለከባድ ለብቻ፣ ለፒካፕ ለብቻ አይሰላም፤ ቀመሩ የተሠራው ለድብልቁ ነው።

በ4 ኪሎሜትር መንገድ በቀን 60 ደርሶ መልስ፣ በዓመት 300 ቀን ካለ 144,000 ኪሎሜትር፣ 99 ቶን ነው። ዝናብ የሚጥልባቸው ቀኖች 120 ከሆኑ ከ365 ላይ ቀንሰው ያመጣጥኑት፤ 67 ቶን ይቀራል። ውኃ መርጨት የወለሉን እርጥበት በእጥፍ ካሳደገው 75 በመቶ ያስቀራል፤ በወረቀት ላይ 17 ቶን ደረሱ። የውኃ ቦቴው ግን ይበላሻል፣ ሹፌሩም ይቀራል። መርጨቱ በእርግጥ የሚሠራው 80 በመቶውን ብቻ ነው ብለው ቢያሰሉ 27 ቶን ይሆናል። የትኛውን እንደሚጽፉ የሚወስነው የቦቴው የምልልስ መዝገብ ነው። መዝገብ ከሌለ የ17ቱን ቁጥር ማንም ሊቀበልዎት አይገባም።

ጥያቄ፦ ቆጠራውን የጭስን ስርጭት ወደሚያሰላ የኮምፒውተር ሞዴል ሳስገባ የትራፊኩ ጭስ ጫፍ የሚደርሰው ሌሊት ሆነ። የት ነው የተሳሳትኩት? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ የትራፊክ ቆጣሪዎቹ ቅጽ ላይ «2 ሰዓት» ብለው የጻፉት ጠዋት 2 ሰዓት ነው፤ ሞዴሉ ግን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሁለት ሰዓት ብሎ ነው የተረዳው። ስድስት ሰዓት ይጨምሩ። ከዚያ ሞዴሉ በግሪንዊች ሰዓት የሚሠራ ከሆነ ሦስት ይቀንሱ፤ ጠዋት 2 ሰዓት ለሞዴሉ 5 ነው። ጫፉ የቀኑን ትክክለኛ ሰዓት ካገኘ በኋላ ወደ ወራቱ ይሂዱ። የማገዶና የቆሻሻ ቃጠሎ በ12 ወር እኩል አይከፋፈልም። ለአዲስ አበባ ከሠሩ ኅዳር 12ን ለብቻው ያስቀምጡ። በ1911 ዓ.ም. ከነበረው የኅዳር በሽታ ወዲህ «ኅዳር ሲታጠን» እየተባለ በየሰፈሩ ቆሻሻ የሚነድበት ቀን ነው። በወር አማካይ ውስጥ ከቀበሩት ሞዴልዎ ከመሣሪያው ጋር የማይገጥምበት ቀን ይሆናል።

ቦታውንም አብረው ይፈትሹ። አሮጌ የኢትዮጵያ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባል፣ ከጂ.ፒ.ኤስ. በተለየ የካርታ መለኪያ መነሻ ስለሆነ፣ ከእነርሱ የተነበበ ነጥብ ከጂ.ፒ.ኤስ. ጋር ሳይቀየር ከተደባለቀ ጭስ ማውጫው ከ200 ሜትር በላይ ይሸሻል። ሌላው ሁለቱን ቁጥሮች ማገላበጥ ነው። አዲስ አበባ በሰሜን 9.03፣ በምሥራቅ 38.74 ላይ ናት። ሲገላበጥ ፋብሪካው ከጣልያኗ ሰርዲኒያ ደሴት በስተደቡብ ባሕር ውስጥ ይገኛል፤ ሞዴሉም ከአካባቢው ውጭ ነው ብሎ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ሊጥለው ይችላል። ስሌቱን ከማስኬድዎ በፊት ነጥቦቹን ሁሉ ካርታ ላይ አውጥተው በዓይንዎ ይዩአቸው። ከዚያ ወደ ሞዴሉ የገባውን ጠቅላላ ቶን ከሰንጠረዡ ድምር ጋር ያስተያዩ።